የዐፅም ጽናት በብርሃን ሲመዘን

በዛሬው የሥነ ፍጥረት ትምህርት ክፍለ ጊዜያችን የምናወሳው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ሩቅና ረቂቅ የሚመስል፣ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ከያንዳንዳችን ሥጋና አጥንት ጋር የተያያዘ ነው፤ እርሱም ብርሃንን በዐፅም ላይ አሳርፎ፣ በዐፅሙ ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን ተቀብሎ፣ የዐፅሙን ግትርነትና የተሠራበትን ነገር ጠባይ ስለ መለካት ነው። በንግግሬ ውስጥ በውጭ አገር ስለ ተደረጉ ምርምሮች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራ፣ በዳባትና በስሜን አምባዎች ለሚኖር ሰው ስለ ዐፅም ስብራት የሚያስተምረው አያሻውም። ዳገቱና ገደሉ፣ የክረምቱ ድጥ፣ የበቅሎው ድንገተኛ መደናበር በየዓመቱ የሚያስተምሩት ትምህርት ነውና። በየአጥቢያውም ከአባቱ ሙያውን የተማረ ወጌሻ አለ። ወጌሻው የተሰበረውን እግር በቅቤ ካለሰለሰ በኋላ፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ቀስ እያለ እየዳሰሰ፣ ስብራቱ ከየት ላይ እንደ ሆነ፣ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ እንደ ሆነ ወይም አንደኛው በሌላው ላይ ወጥቶ እንደ ሆነ በጣቱ ስሜት ብቻ ይለያል፤ ለይቶም ስቦ ያገጣጥመውና በቀርከሃ ስንጣቂና በጨርቅ ያስረዋል። እኔ በበኩሌ ይህን የእጅ ዕውቀት የሚንቅ ሰው ዕውቀት ምን እንደ ሆነ በሚገባ ያወቀ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ማሰሪያው ከመጠን በላይ ጠብቆ ጣቶቹ ሲቀዘቅዙና ሲጠቁሩ እየታየ ታማሚውን በቤት ማቆየት እግርን እስከ ማስቆረጥ የሚያደርስ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

በ1947 ዓ.ም. ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለተባለው ታላቅ ተቋም መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በከተማችን ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ዘመናዊው ሕክምና በአካባቢው ሁሉ እየተስፋፋ ሄዷል። ዛሬ ከስሜን በቃሬዛ የመጣ ሰው ራጅ ይነሣል። ነገር ግን አድማጮቼ ልብ በሉልኝ፤ የወጌሻው ጣትም ሆነ የራጁ ሥዕል አብልጠው የሚነግሩን ስለ ዐፅሙ ቅርጽ ነው። ከየት ላይ እንደ ተሰበረ ይነግሩናል፤ ስለ ምን በቀላሉ እንደ ተሰበረ፣ የተሠራበት ነገር ጽኑዕ ይሁን ደካማ ግን ለይተው አይነግሩንም።

ሐኪሞች ይህን ጉድለት ተገንዝበው በዐፅም ውስጥ ያለውን የማዕድን መጠን በራጅ የሚመዝን መሣሪያ ሠርተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1994 የዐፅም መሳሳት የሚባለው በሽታ በዚሁ ሚዛን እንዲበየን ድንበሩን ወስኗል። ይህ ሚዛን ብዙ ሰው የጠቀመ ነው። ይሁን እንጂ ብዛት ሁልጊዜ ጥራት አለመሆኑን ከሚያስረዱት ምስክሮች አንዱ የሚገኘው በገዛ አገራችን ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወንጂ የስኳር ልማት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመታት ሲጠጡ ኖረው፣ ጥርሳቸው ቡናማ ከመሆኑም ሌላ አከርካሪያቸው ደርቆ አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው፣ ከዚያም አልፎ ኅብለ ሰረሰራቸው ተጨቁኖ እግራቸው የሰለለ እንደ ነበሩ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያን 1980ዎቹ ጽፈዋል። የእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ዐፅም በራጅ ሲታይ ደማቅ ነጭ ነው፤ ማዕድኑ አላነሰም፣ እንዲያውም በዝቷል፤ በሚዛን ብቻ የሚፈርድ ሰው ከጤነኛው ዐፅም አብልጦ ሊያመሰግነው ይችላል።

በዚሁ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ በሜዮ ክሊኒክ የተደረገው ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያጸናዋል። ሪግስ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ዐፅማቸው የሳሳ 202 ያረጡ ሴቶችን በሁለት ወገን ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ፍሎራይድ እየሰጡ ለሌላው ሳይሰጡ ለአራት ዓመት ተከታተሏቸው። በ1990 ውጤቱ ሲታተም፣ ፍሎራይድ የወሰዱት ሴቶች የአከርካሪያቸው ማዕድን ከመቶ 35 እጅ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ የአከርካሪያቸው ስብራት ግን በሚያስተማምን መጠን አልቀነሰም፣ የሌላው ዐፅማቸው ስብራትም ባሰ እንጂ አልተሻለም። ዐፅሙ ከበደ እንጂ አልጸናም ማለት ነው። እንግዲህ ከክብደት በላይ የሚናገር ሌላ ሚዛን ማስፈለጉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ዐፅም ምን ቢሆን ነው እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው? ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከዶሮ ወጥ የተረፈ የጭን አጥንት ሥጋው በደንብ ተልጦ በአቸቶ ውስጥ ቢዘፈዘፍና አቸቶው እየተለወጠ ጥቂት ቀን ቢሰነብት፣ ቅርጹ ሳይለወጥ እንደ ጠፍር ተጣጣፊ ይሆናል፤ አሲዱ ማዕድኑን አሟሙቶ ወስዶታልና የቀረው ኮላጅን የተባለው የጅማት ዘር ብቻ ነው። ሌላውን አጥንት ደግሞ በፍም ውስጥ ነጭ እስኪሆን ቢያቃጥሉት፣ አሁንም ቅርጹ አይለወጥም፤ ነገር ግን በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል፤ እሳቱ ኮላጅኑን በልቶ ማዕድኑን ብቻ አስቀርቶታልና። ከሕያው ዐፅም ክብደት ከመቶው ከ60 እስከ 65 የሚሆነው ካልሲየምና ፎስፌት ያለበት ረቂቅ ማዕድን ነው፤ የቀረው ኮላጅንና ውኃ ነው። ግትርነቱን የሚያገኘው ከማዕድኑ ነው፤ ሳይሰበር ጥቂት እሺ ማለቱን የሚያገኘው ከኮላጅኑ ነው። ሁለቱ ተዋሕደው የሠሩት ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ የድፍኑ ዐፅም ግትርነት ከአረብ ብረት አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን፣ ክብደቱ ግን መጠኑ እኩል ከሆነ ብረት አንድ አራተኛ ብቻ ነው።

ይህን ግትርነት መሐንዲሶች ሲለኩ የኖሩት የዐፅም ቁራጭ በመፈተኛ መሣሪያ ጥርስ መካከል አስጨብጠው በመሳብና በማጉበጥ ነበር። ለድፍኑ ዐፅም መንገዱ መልካም ነው። ነገር ግን በአከርካሪ ውስጥና በጭን ዐፅም ራስ ላይ ያለው ዐፅም ድፍን አይደለም፤ ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙ በማይበልጥ እጅግ ቀጫጭን ምሰሶዎች የተገጣጠመ ወንፊት ነው። በእርጅና ዘመን አብዛኛው ስብራት የሚደርሰው ደግሞ እዚሁ ላይ ነው። ይህችን ቀጭን ምሰሶ ማን ጨብጦ ይስባታል? ሳይጨብጥ ሊመረምራት የሚችል ግን ብርሃን ነው።

ብርሃን በነገር ላይ ሲያርፍ የሚያደርገው ሁሉ በአንድ ቃል አይጠቀለልም። ከፊሉ ይዋጣል፣ ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ይንጸባረቃል፣ ከፊሉም በየአቅጣጫው ይበተናል። በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራራዎች የወጣ ሰው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ላይ ሆኖ ጥርት ባለ የጥቅምት ቀን ሽቅብ ቢመለከት፣ ሰማዩ በቆላ ከሚታየው ይልቅ ጠልቆና ጠቁሮ ሰማያዊ ሆኖ ያየዋል። ሎርድ ሬይሊ በ1871 እንዳስረዳው አየሩ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ ስለሚበትን ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፤ በአምባው ላይ በታዛቢው ራስ ላይ የቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ የሚበተነውም ብርሃን ጥቂት ነው። በዚህ ዓይነቱ መበተን ግን እያንዳንዱ ብርሃን ይዞት የመጣውን ኅብር ይዞ ይሄዳል፤ ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ቀዩም ቀይ ሆኖ ይቀራል።

በ1921 ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን የተባለ የሕንድ ሊቅ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት የሰማዩ ነጸብራቅ ብቻ ነው የሚለውን ቃል አልቀበልም ብሎ፣ በእጁ በያዘው ትንሽ የብርሃን መለያ መስተዋት ነጸብራቁን አጥፍቶ ባሕሩን ተመለከተው፤ ውኃው ራሱ ብርሃን የሚበትን ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ከተማሪው ከክሪሽናን ጋር ሲመረምር ቆይቶ፣ የካቲት 1928 በካልካታ፣ ከሚበተነው ብርሃን ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ኅብሩን ለውጦ እንደሚወጣ አረጋገጠ። የብርሃኑን ኅብር የሚለውጠው ብርሃኑ ባረፈበት ነገር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች መንቀጥቀጥ ነው፤ እያንዳንዱም ሞለኪውል እንደ ባሕርዩ የተወሰነ ድርሻ ስለሚያጎድል ወይም ስለሚጨምር፣ የተለወጠውን ኅብር ያነበበ ሰው ነገሩ ከምን እንደ ተሠራ ያውቃል። ለዚህም ራማን በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዐፅም ላይ ሲሠራበት የማዕድኑ ፎስፌት አንድ የታወቀ መሥመር፣ ኮላጅኑም ሌላ የታወቀ መሥመር ያሳያሉ፤ የሁለቱን መሥመሮች ብርታት በማነጻጸር ማዕድኑ ከኮላጅኑ ጋር ያለው ምጣኔ ይታወቃል።

የራማን መንገድ ዐፅሙ ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ግትርነቱን በቀጥታ የሚናገረው ግን ሌላ፣ የብሪሉዊን መንገድ የሚባለው ነው። ሌዮን ብሪሉዊን የተባለው ፈረንሳዊ በ1922 በጽሕፈት አስቀድሞ ተናገረው፤ ሩስያዊው ማንደልስታምም ለብቻው ከዚሁ አሳብ ደርሶ ነበር፤ በ1930 ደግሞ ግሮስ የተባለ ሌላ ሩስያዊ በፈሳሾች ላይ በዓይን አሳየው። ነገሩን ለመረዳት በየደብሩ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ የምናየውን የድንጋይ ደወል እናስብ። ያ ደንጊያ በጠጠር ሲመቱት የሚሰጠው ድምፅ በቅርጹ፣ በግትርነቱና በእፍጋቱ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ግትርነቱ ሲበዛ ድምፅ በውስጡ ፈጥኖ ይሄዳል፣ እፍጋቱ ሲበዛ ይዘገያል፤ ስለዚህ ደንጊያውን ሳይሰብሩ ውስጡን በድምፁ መፍረድ ይቻላል። ዐፅምም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የሚመታው ሰው የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በውስጡ ያለው ሙቀት ራሱ ቅንጣቶቹን ዘወትር ያንቀጠቅጣቸዋልና፣ ከዚህ መንቀጥቀጥ የተነሣ ጆሮ ከቶ የማይሰማቸው፣ በአንድ ሰከንድ በብዙ ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገቡ የድምፅ ሞገዶች በዐፅሙ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። የሚመጣው ብርሃን ከዚህ ተጓዥ ሞገድ ጋር ሲገናኝ፣ ሞገዱ ወደ ብርሃኑ የሚመጣ ከሆነ የብርሃኑ ርግብግቢት በጥቂቱ ይጨምራል፣ የሚሸሽ ከሆነ በጥቂቱ ይቀንሳል። ያን ጥቂት ልዩነት የለካ ሰው ድምፁ በዐፅሙ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት አገኘ፤ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ በዐፅሙ እፍጋት ቢያበዛው ደግሞ ግትርነቱን አገኘ።

ልዩነቱ ጥቂት ነው ስል እንዲያው ለአነጋገር ያህል አይደለም። ከብርሃኑ ርግብግቢት ከ20,000 እጅ አንዱን ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው፤ ፀሐይን በቀስተ ደመና ኅብር የሚከፍለው ተራ መስተዋት ይህን ሊለየው አይችልም። ፋብሪና ፔሮ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1899 ያወጡት፣ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት መስተዋቶች ያሉት መሣሪያ ለዚህ ተግባር ዋለ፤ በ1970ዎቹ በዙሪክ ይሠራ የነበረው ጆን ሳንደርኮክ ብርሃኑ በመስተዋቶቹ መካከል ደጋግሞ እንዲያልፍ አድርጎ ካሻሻለው በኋላ፣ ደብዛዛውን የብሪሉዊን ብርሃን ከኃይለኛው ነጸብራቅ ለይቶ ማየት ተቻለ። ወዲያውም ወደ ሕያዋን ነገሮች ተሻገረ፤ በ1977 የኮላጅን ልኬት፣ በ1990 ደግሞ ሊስ፣ ታኦና ሊንድሴ ዐፅምንና የመሰሉትን ጠጣር አካላት የለኩበት ጥናት ታተመ። ከዚያ ወዲህ በጃፓን በኪዮቶ በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የማሚ ማትሱካዋ ቡድን ይህን ሙያ አብልጦ አሳድጎታል።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። ከከብት የጭን ዐፅም ላይ በመጋዝ ስስ ገበታ ይቆረጣል፤ ብርሃን በጥቂቱ እስኪያሳልፍ ድረስ በሁለት ወገን እየታሸ ይሳሳል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ሥር ተዘርግቶ አረንጓዴ የሌዘር ጨረር ይተኮርበታል። ጨረሩ የሚያርፍባት ነቁጥ ከአንድ የጠጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰች ናት። የመፈተኛው መሣሪያ ጥርስ ሊጨብጣት ያልተመቸችው ያች ቀጭን ምሰሶ አሁን ነቁጥ በነቁጥ ትመረመራለች። የድምፁ ፍጥነት በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ በአየር ውስጥ ያለው 340 ሜትር ብቻ መሆኑን አስቡ። ይልቁንም የሚደንቀው በአንዷ ምሰሶ ውስጥ እንኳ ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይ መሆኑ ነው። ዐፅም ዘወትር እየፈረሰ የሚታደስ ስለሆነ፣ በአንዲት ትንሽ ምሰሶ ውስጥ አዲሱና አሮጌው ክፍል ጎን ለጎን ይገኛሉና።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ ጉድለቱንም መናገር ይገባኛል፤ ስለ አዲስ መሣሪያ ሲወራ ምስጋናው ብቻ ተነግሮ ጉድለቱ የሚደበቅበት ጊዜ በዝቷልና። አንደኛ ነገር ብርሃን በዐፅም ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ስለዚህ የብሪሉዊን ልኬት እስከ ዛሬ የሚሠራው በተቆረጠ ዐፅም ላይ እንጂ በአልጋ ላይ በተኛ ሕመምተኛ እግር ላይ አይደለም። ሌላው ደግሞ በሰከንድ በብዙ ቢሊዮን የሚርገበገብ ሞገድ የሚያገኘው ግትርነት፣ ሰው ሲራመድ እንደሚያርፈው ባለ ዝግ ያለ ክብደት ሲመዘን ከሚገኘው ግትርነት ጋር በቍጥር አንድ አይደለም፤ ዐፅሙ ርጥብ መሆኑና መድረቁም ውጤቱን ይለውጠዋል። ከሁሉም በላይ ግትርነት ማለት አለመሰበር ማለት አይደለም። በፍም የተቃጠለው አጥንት ማዕድኑ ሁሉ አለው፤ ይሁን እንጂ በጣት ይፈረፈራል። ስለዚህ ጠቢብ መርማሪ የብሪሉዊንን ልኬት ለብቻው አያምንም፤ ማዕድኑንና ኮላጅኑን በራማን፣ ግትርነቱን በብሪሉዊን፣ ቅርጹን በራጅ ለክቶ ሦስቱን ምስክሮች አቆራኝቶ ይፈርዳል።

ወደ ሕመምተኛው አልጋ የቀረበው የራማን መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር በራዘርፎርድ አፕልተን ቤተ ሙከራ ፓቬል ማቱሴክና ባልደረቦቹ ከ2005 ጀምረው፣ ሌዘሩ በቆዳ ላይ ከሚያርፍበት ስፍራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ብሎ የሚወጣውን ብርሃን በመቀበል፣ ከቆዳ በታች ያለውን ነገር ከቆዳው ለይቶ የሚያነብ ዘዴ አወጡ። በዚህም ዘዴ ሰውነት ሳይቀደድ የእጅና የእግር ዐፅም ኬሚካዊ ይዞታ ተነብቧል። ገና በምርምር ላይ ያለ እንጂ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም።

የእኛ ደጋማ አገር ለዚህ ዓይነቱ ምርምር የሚያቀርበው ጥያቄ ከወንጂው በተቃራኒ ነው። በብዙ ቤት ሕፃን ብርድ እንዳይመታውና ዓይን እንዳይበላው ተብሎ ተሸፋፍኖ በጨለማ ክፍል ይውላል፤ ፀሐይ ሳይነካው ስለሚያድግም ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ አጥቶ ሪኬትስ የተባለው በሽታ ይይዘዋል፤ እግሩ ይጎብጣል፣ ደረቱ ይሾላል። የዚህ ሕፃን ዐፅም ኮላጅን አለው፣ ማዕድን የጎደለው ነው፤ በአቸቶ የተዘፈዘፈውን አጥንት ወደ መምሰል ያዘነበለ ነው። በሕክምና ላይ ሳለ ማዕድኑ ምን ያህል እንደ ተመለሰ ቆዳውን ሳይነኩ በብርሃን ማንበብ ቢቻል፣ ራጅ ደጋግሞ ከማንሣት ያሳርፋል።

ስለዚህ ቃሌን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች አቀናለሁ። የሕክምናው ትምህርትና የፊዚክሱ ትምህርት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ናቸው፤ የከብት ዐፅም ከከተማችን ቄራ በየቀኑ ይወጣል፤ በአቸቶና በፍም የሚደረገውን ሙከራ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪም ሊጀምረው ይችላል። የፊዚክሱ ተማሪ የሐኪሙን ጥያቄ ቢሰማ፣ ሐኪሙም የፊዚክሱን መሣሪያ ቢያውቅ፣ ከዚህ የሚጀመር ሥራ አይጠፋም። እናቶችና አባቶች ደግሞ ይህን ምርምር ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት አለ፤ ሕፃናቱን በየማለዳው ከቤት አውጥታችሁ፣ እጅና እግራቸውን ገልጣችሁ ፀሐይ አሙቋቸው፤ እግሩ መጉበጥ የጀመረ ልጅ ካላችሁም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።